«አውጥተህ ጣላት»

የቤተሰባችሁ ወይም የጎረቤታችሁ መኪና ቴርሞስታት አለው? ጥያቄው እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ባለመኪናውን ብትጠይቁት ግን «ድሮ ነበረው፤ መካኒኩ አውጥቶ ጣላት» ብሎ ሊመልስላችሁ ይችላል። እኔ በማውቃቸው ጋራዦች «ሞተሩ እየሞቀ ነው» ሲባል ቀድማ የምትከሰሰው ይህቺ ዕቃ ናት። ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አውጥተህ ጣላት።

ነገሩን ያነሣሁት ከእናንተው አንዱ ስለ ጠየቀኝ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኖ የሚሠራ የኅብረታችን ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠቅስም። ቅዳሜ ከጥናት በኋላ ወንበር ስናነሣ «ቲቸር፣ ቴርሞስታት የፈረንጅ አገር ዕቃ ናት፣ ለእኛ አታስፈልግም የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ። አባቴ ዕድሜውን በላዳ ታክሲ ሹፌርነት ነው የጨረሰው፤ እኔም ማስተማር ከመጀመሬ በፊት ኮሌጅ የተማርኩት አውቶሞቲቭ ነው። «ውሸት ነው» ብዬ ልሸኘው እችል ነበር። አላልኩትም፤ አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለምና። እውነት ለመሆን የተቃረበበት አንድ መኪና ነበር።

መጀመሪያ ዕቃዋን እንወቃት። መዳፍ ውስጥ የምትገባ ክብ ብረት ናት። መሐሏ ላይ ትንሽ የናስ ዋንጫ አለ፤ በውስጡ ሰም ታሽጓል። (ሰምና ወርቅ እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህ ደስ ይላል፤ እዚህ ግን ሥራውን የሚሠራው ሰሙ ነው።) ሞተሩ ሲነሣ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ሰሙ ጠጣር፣ በሩም በስፕሪንግ የተዘጋ ነው። ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይወጣ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። ልኩ ላይ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ያብጣል፤ አንዲት ዘንግ ይገፋል፤ በሩ ይከፈትና ውሃው ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይኮማተራል፤ ስፕሪንጉም በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ሽቦ የለ፣ ባትሪ የለ።

እንግዲህ ሞተሩን ማቀዝቀዝ የራዲያተሩ ሥራ ነው። የእርሷ ሥራ ሞተሩ ከልኩ በታች እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። «ለብርድ አገር የተሠራች ናት» የሚባለው ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ነገር ግን ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በላይ እንዲሆን ለሚፈልግ ሞተር አዲስ አበባም ሞስኮም ብርድ ናቸው። በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል፤ እርጥበትም ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ ዝቃጭ ይሠራል። ይህ ጉዳት ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ማንም አይከስበትም።

አሁን ወደ ቮልስ እንሂድ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ግን ቴርሞስታት አለው! ይህን ስነግረው ልጁ አላመነኝም። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈች ብረት ናት፤ ከሞተሩ ሥር በቀኝ በኩል ተደብቃ ትቀመጣለች። ሙቀቱ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ትለጠጥና በረጅም ዘንግ አማካይነት ከፋኑ የሚመጣውን አየር የያዙትን ክዳኖች ትከፍታለች። የሠሯት መሐንዲሶች ለምትበላሽበት ቀንም አስበዋል። ብትቀደድ ተለጥጣ ትቀራለች፤ ክዳኖቹም ክፍት ይሆናሉ። ሞተሩ ይበርደው ይሆናል እንጂ አይቃጠልም። መካኒክ አውጥቶ ሲጥላትም ውጤቱ ያው ነው። ቮልሱ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያስነጥሰዋል፣ ቤንዚን ትንሽ ይጨምራል፣ ይሄዳል። «አውጥተህ ጣላት» የሚለው ምክር የተወለደው፣ ቢያንስም ሥር የሰደደው፣ እዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

(ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ከነበረችው ከሜክሲኮ ነው። የመጨረሻው የድሮ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣውም እዚያው ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከቴርሞስታት ጋር አይገናኝም፤ አደባባዩን በቮልስ የሚያልፍ ሰው ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።)

ምክሩ ከቮልስ ወደ ላዳ ተሻገረ። ላዳ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወስዶ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ የተሠራ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ መኪና ነው። ቴርሞስታቱ ሦስት አፍ አላት፤ በሦስት ጎማዎች መካከል ተንጠልጥላ ትታያለች። በውስጧ ሁለት በሮች አሉ። ውሃው ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ አንደኛው በር የራዲያተሩን መንገድ መክፈት ይጀምራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል።

ይህን ሁለተኛውን በር ልብ በሉልኝ። የቴርሞስታቷ ሆድ ዕቃ ተሰብሮ ሲወጣ አቋራጩን የሚዘጋው በርም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሞቀው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ጠዋት ይበርደዋል፤ ቀትር ላይ ተሳፋሪ ሞልቶ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ይሞቃል። «ቴርሞስታቷ ወጥታም ይሞቃል» ይባልና ክሱ ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር ወደ ጓርኒሲዮን ይዞራል። ባለታክሲው የቀን ገቢውን ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ ይንከራተታል።

አባቴ ይህን በመጽሐፍ አላነበበም፤ በእጁ ነበር የሚያውቀው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩን አስነሥቶ ክዳኑን ይከፍትና የራዲያተሩን የታችኛውን ጎማ ጨብጦ ይቆማል። ጎማው ቀዝቃዛ ነው። ጌጁ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጎማው አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ መዳፉ ሥር ይሞቃል። «ከፈተች» ይላል። ክዳኑን ይዘጋል፣ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ ማን እንደ ከፈተች አላውቅም ነበር። ጓደኞቹ አውጥተው ሲጥሉ እርሱ ሁለት ጊዜ ሶማሌ ተራ ሄዶ አዲስ ገዝቶ አስገብቷል፤ ያውም ቤታችን የዘይትና የስኳር ገንዘብ ተቆጥሮ በሚወጣበት ጊዜ። እናቴ በሁለተኛው አኩርፋ ሰነበተች። «ሁሉም ያለሷ ይነዳል፤ ያንተ ምን ልዩ ነገር አለው?» ትለው ነበር። የሚመልሰው ትዝ አይለኝም፤ ብዙ ተናጋሪ ሰው አልነበረም።

ቀጥለው ኮሮላ፣ ከዚያም ቪትዝ መጡ። በእነዚህ ቴርሞስታቷ ሞተሩ ላይ በጥቂት ብሎን በታሰረ ቤት ውስጥ ትገባለች፤ ብዙ ጊዜ 82 የሚል ቁጥር ተጽፎባታል። ጠርዟ ላይ የምትወዛወዝ ትንሽ ሚስማር አለች፤ አየር ማስወጫ ናት። ስትገጥሟት ሚስማሯን ወደ ላይ አድርጓት፤ አለዚያ አየር ታፍኖ ይቀርና እንደገና ትከሰሳለች። አቋራጩን የሚዘጋው ሁለተኛው በርም ከሥሯ አለ።

ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። ቮልስና የድሮው ላዳ ካርቡራተር ናቸው፤ ቤንዚን ሲሰጡ የውሃን ሙቀት የሚነግራቸው ኮምፒውተር የለም። ኢንጀክሽን ያላቸው ኮሮላና ቪትዝ ግን ሙቀቱን የሚለካ ሴንሰር አላቸው። ውሃው አልሞቀም ከተባለ ኮምፒውተሩ «ገና ጠዋት ነው» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ቴርሞስታት የሌለው ቪትዝ ከሜክሲኮ ሳር ቤት ሲመላለስ ቀኑን ሙሉ ጠዋት ላይ ሊውል ይችላል። ባለቤቱም «ቤንዚን በላ» ይላል፤ ካንዴላ ያስቀይራል። ለቮልስ ሲሰጥ ርካሽ የነበረ ምክር እዚህ በየነዳጅ ማደያው ይከፈልበታል።

የልጁ ጥያቄ ደግሞ ተጨማሪ ነገር ነበረበት። የጋራዡ ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የተመሰከረላቸው ባለሙያ ናቸው። በጭፍን አይጥሉም፤ ይፈትናሉ። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተው ቴርሞስታቷን ይጨምሯታል፤ ካልተከፈተች ሞታለች። በዚያ ሳምንት ከአንድ የአውሮፓ መኪና የወጣች፣ 88 የሚል የተጻፈባት ነበረች። ውሃው እየተንተከተከ እርሷ ፀጉር ታህል ብቻ ተከፈተች። «አየህ? ሞታለች። ጣላት» አሉት። እርሱ ግን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟት መጣ።

ውሃ በባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃችን ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እሳቱን ብትጨምሩበትም ከዚያ አያልፍም። 88 ላይ መከፈት የምትጀምር ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የምትከፈተው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ በእኛ ድስት ውስጥ ብሩን ሁሉ አውጥታችሁ የገዛችኋት አዲሷ እንኳ አትከፈትም። የ82ቷም ብትሆን መለኪያዋ የተጻፈው በ95 ዲግሪ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ትከፈት ተብሎ ነው፤ ድስታችን 95 አይደርስም። ዕቃዋ ጤነኛ ሆና ሳለ ለሌላ ከፍታ በተጻፈ ፈተና ትወድቃለች።

«ታዲያ መኪናው ውስጥ እንዴት ትከፈታለች?» አለኝ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪናው ውስጥ ውሃው በራዲያተሩ ክዳን ታፍኗል። ጤነኛ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው እዚሁ ሜክሲኮ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የተበላ ክዳን ግን ከክፍት ድስት አይሻልም፤ ውሃው ወደ 92 ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቷ 82 ላይ መክፈት ስትጀምር እስከ መፍላት የቀራት 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ መኪና 18 ይቀረዋል። ስንቷ ቴርሞስታት በክዳን ጥፋት እንደ ተወረወረች እያሰብኩ ዝም አልኩ።

ልጁ ደስ አለው፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። «አሁን እንዴት ብዬ ልንገራቸው?» አለ። ያለ ክፍያ ሙያ ያስተማሩት፣ ምሳ የሚያበሉት ሰው ናቸው። ደንበኛ ፊት ቢናገር ያዋርዳቸዋል። ዝም ቢል ደግሞ ባለመኪናው ላልተበላሸ ነገር ይከፍላል፤ የተበላሸውም ሳይነካ ይሸኛል። ይህ ከቴርሞስታቱ ሁሉ የበለጠ ከባድ ነው፤ እናንተም በየሥራ ቦታችሁ የምታውቁት ይመስለኛል። እንዲከራከር አልመከርኩትም። ቴርሞሜትር አዋስኩት።

ደንበኞች እስኪሄዱ ጠበቀ። «ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር አብረን እንይ» አላቸው። አሮጌዋንና ከካርቶን ያልወጣች፣ ያው 88 የተጻፈባት አዲስ ቴርሞስታት ድስቱ ውስጥ አስገባ። ሁለቱም እኩል ፀጉር ታህል ተከፈቱ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። ጋሼ ብዙ ሳይናገሩ አዩ። ከዚያ «አዲሷም ሞታለች በለኛ!» ብለው ሳቁ። በማግሥቱ ያ መኪና አሮጌ ቴርሞስታቷ ተመልሳለት አዲስ የራዲያተር ክዳን ገዝቶ ሄደ። ጋሼ ሐሳባቸውን ለወጡ ብዬ ግን አልጽፍላችሁም። ባለፈው ወር አንድ ቮልስ ሲመጣ «አውጥተህ ጣላት» ማለታቸውን ልጁ ነግሮኛል። ስለ ቮልስ ከሆነ እኔም ብዙ አልከራከራቸውም።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ በሜክሲኮ የምናያቸው አዳዲሶቹ መኪኖች ኤሌክትሪክ ናቸው። ቮልስን የሠራው ቮልስዋገን ዛሬ በአይዲ 4ና በአይዲ 6 ተመልሶ መጥቷል። በእነዚህ ውስጥ ፒስተንም ቤንዚንም የለም። ባትሪው ግን ልክ እንደ ሞተሩ የራሱ ልክ አለው፤ ብርድም ሙቀትም ይጎዳዋል። ፈሳሽ በባትሪው ሥር ይዞራል፤ መቼና በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው፤ ቫልቮቹንም በኤሌክትሪክ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጎማ በእጅ ጨብጦ፣ ዕቃ በድስት ፈትኖ ማወቅ እዚህ ብዙም አይሠራም።

ምክር ግን ከአሁኑ እየተወለደ ነው። በቅርቡ አንድ ሹፌር ለሌላው «ፈሳሹ ከጎደለ የቧንቧ ውሃ ጨምርበት፤ ላዳ በዚያ አይደል የኖረው?» ሲለው ሰምቻለሁ። የባትሪው ፈሳሽ የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ዓይነቱ በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል። መመሪያው በቻይንኛ ሆኖ ከተቸገራችሁ በኅብረታችን ቋንቋውን የተማረች እህት አለች፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አምጡትና ታነብላችኋለች።