ዝርዝሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ



ሰሞኑን እዚህ ሃርጌሳ ሁለት ሦስት ሆነን በተቀመጥንበት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። «ስልካችን ሃክ ተደርጓል»፣ «ፌስቡክ ነው ቁጥራችንን የሸጠው»፣ «ዋትሳፕ ላይ ያወራነውን ሁሉ ይሰሙታል»። ብዙዎቻችሁም በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ደግሞም ወሬው ከተጀመረባቸው አፎች አንዱ የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ለእርዳታ የሚመዘገቡ ቤተሰቦችን ስም እንድሰበስብ ተጠየቅሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ፣ ጽሑፌም ስለሚነበብ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። በተማሪ ደብተር ላይ መስመር አስምሬ 43 ቤተሰብ መዘገብኩ። የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ የልጆች ስምና ዕድሜ፣ የስደተኛ ወረቀቱ ቁጥር፣ ስልክ፣ ከየት እንደመጡ፣ ሁሉም አለበት። ስጨርስ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና «ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ» ብዬ ከስድስት መቶ በላይ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኳቸው። «ቲቸር እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚል መልስ ጎረፈ። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከዝርዝሩ ውስጥ ላለች አንዲት እናት ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ጥርት ያለ አማርኛ ይናገራል። በስሟ ጠራት። የሦስቱን ልጆቿን ስም ከነዕድሜያቸው ነገራት። የወረቀቷን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበላት። ከዚያ «የሪሴትልመንት ኬዝሽ ደርሷል፤ የሕክምና ምርመራ 180 ዶላር ዛሬ ካልገባ ፋይልሽ ይዘጋል» አላት። በዛድ ላከች። ግማሹን ልብስ አጥባ ያጠራቀመችው ነው፣ ግማሹን ከጎረቤት ተበድራ ነው። ቁጥሩ ከዚያች ሰዓት በኋላ አልሠራም።

ማታ እኔ ዘንድ መጣች። «ቲቸር፣ ሌባ እንዴት የልጄን ስም ያውቃል?» አለችኝ።

መልሱን ወዲያው አወቅሁት። ግን አልነገርኳትም። «ስልክሽ ሃክ ተደርጎ ይሆናል» አልኳት። እሷም ለጎረቤቷ ነገረች፣ ጎረቤቷም ለሌላው። እውነቱን የነገርኳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዝርዝሩን መለጠፌ የግዴለሽነት ስህተት ነው። ያች ውሸት ግን ታውቆ የተዋሸች ናት፣ ዛሬም ታሳፍረኛለች።

ይህን ስል የሚጠልፍ የለም ማለቴ አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር በወሬ ሳይሆን በማስረጃ እናውቀዋለን። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርመራ ቡድን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን አጋለጠ። በ2014 ደግሞ ሃኪንግ ቲም የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው ሶፍትዌር ውጭ አገር ለሚኖሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ጽሑፍ በሚመስል ፋይል ተሸጉጦ እንደተላከ ጻፈ። በ2017 ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ተራ ሆነ። «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽህን አድስ» የሚል ሊንክ በኢሜይል ይመጣል፣ የነካው ሰው ሰላዩን በገዛ እጁ ጫነ ማለት ነው።

ሦስቱንም አስተያዩአቸው። ያን ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ሶፍትዌር የገባው ሰውየው ራሱ በከፈተው በር ነው። አንድ ፎቶ፣ አንድ ፋይል፣ አንድ ሊንክ። የእኛን ሌባ ደግሞ ሶፍትዌር እንኳ አላስፈለገውም። በሩን እኔ ከፍቼ፣ መብራቱን አብርቼ ጠበቅሁት።

«ታዲያ የትኛው ይሻላል፣ ቴሌግራም ወይስ ዋትሳፕ?» ትሉኛላችሁ። ዋትሳፕ ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ቆልፎ ያደርሳል፣ ግሩፕም ቢሆን። ኩባንያው ጽሑፉን አያነብም። ከማን ጋር፣ መቼ እንደተጻጻፋችሁ ግን ያውቃል። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለው ቁልፍ ያለው ሁለት ሰዎች «ሲክሬት ቻት» ብለው ሲከፍቱ ብቻ ነው፤ ተራው ቻትና ግሩፑ ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፣ ማወቁም ጥሩ ነው። ነገር ግን ቁልፉ የሚጠብቀው መንገዱን ነው። ስድስት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ አንድ ሌባ ካለ መልእክቱ ተቆልፎ፣ በሰላም ተጉዞ፣ እሱም እጅ ይገባል። እኔ ፎቶዎቹን በኋላ አጥፍቻቸዋለሁ፤ በሰው ስልክ የተቀመጠውን ግን ማጥፋት አልችልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለዚህ ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ይፈስባቸዋል። ያ ሃኪንግ ቲም የተባለው ኩባንያ ራሱ በ2015 ተጠልፎ 400 ጊጋባይት የሚሆን የውስጥ ሰነዱ ለዓለም ተዘረገፈ። በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ተጠልፎ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተወሰደ። እነማን መሰሏችሁ? ከቤተሰባቸው የተለያዩ፣ የጠፉ፣ የታሰሩ ሰዎች፤ እንደ እኛ ያሉ። በ2021 ሂውማን ራይትስ ዎች ባንግላዴሽ ውስጥ የተመዘገቡ የሮሂንጊያ ስደተኞች መረጃ ወደሸሹት መንግሥት፣ ወደ ምያንማር፣ ተላልፏል ሲል ሪፖርት አወጣ። ዩኤንኤችሲአር በበኩሉ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የመዘገብኩት ብሏል። ክርክሩን ለእነሱ እንተወው። ለእኛ ትምህርቱ ይህ ነው፦ መመዝገብ ግድ ነው፣ ያለ እሱ ወረቀት የለም። ግን ከሚጠየቀው በላይ አንስጥ፤ የሰጠነውንም ማን እንደወሰደው፣ ለምን እንደወሰደው እንጠይቅ። ጥያቄ መጠየቅ ኬዝ አያዘጋም።

እናቶቻችን ለዚህ ነገር የቆየ ቃል አላቸው፤ ገመና። «የግል መረጃ» ሲባል የቢሮ ነገር ይመስለናል፣ አይቆረቁረንም። ገመና ሲባል ግን ሁላችንም ይገባናል። የሰው ገመና በአደራ ከተሰጠህ ለስድስት መቶ ሰው አትገልጥም። እኔ የገለጥኩት የ43 ቤት ገመና ነው።

ስለዚህ ከእኔ ስህተት የሚከተለውን ውሰዱ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም አንብቡላቸው።

1. የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በሙሉ ነፃ ነው። ሪሴትልመንት አይሸጥም። ስምህን፣ ልጅህን፣ ቁጥርህን ቢያውቅም ገንዘብ የጠየቀ ሌባ ነው። ስልኩን ዝጉና ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ።

2. በስልክ የሚመጣላችሁን ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ለወንድማችሁም ቢሆን አትስጡ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቃችሁ የወንድማችሁን አካውንት የሰረቀው ሰው ነው። ዋትሳፕ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ክፈቱና የራሳችሁን ሚስጥር ቁጥር አስገቡ። ያልቻለ እኔ ዘንድ ይምጣ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

3. የዛድ ሚስጥር ቁጥራችሁ የልደት ዓመታችሁ አይሁን። የልደት ዓመታችሁ እኔ በለጠፍኩት ዓይነት ዝርዝር ላይ አለ።

4. ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት።

5. ውጭና አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ናፍቆታችሁ ይገባናል። ግን «ወንድማችን ሃርጌሳ ገብቷል» ብላችሁ ከነፎቶው፣ ከነሙሉ ስሙ ከመለጠፋችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁት። ከማን ሸሽቶ እንደመጣ የሚያውቀው እሱ ነው።

ደብተሩ አሁንም እኔ ዘንድ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው። የእርዳታው ጉዳይ ሲያልቅ በ43ቱ ቤተሰቦች ተወካዮች ፊት አቃጥለዋለሁ። ከእንግዲህ ስም መኖሩን ማረጋገጥ የሚፈልግ እኔ ዘንድ መጥቶ የራሱን መስመር ብቻ ያያል። ሥራው ይረዝምብኛል፣ ይርዘም።

ከዝርዝሩ ውስጥ ያላችሁና እንዲህ ያለ ስልክ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ባትልኩም እንኳ ንገሩኝ። አትፈሩ፣ አትፈሩብኝም፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ለዚያች እናት ብሩን በየወሩ 20 ዶላር እየመለስኩላት ነው። ይህን የጻፍኩትም አንብቤላት፣ ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን ግን ማንም እንዳይጠይቀኝ።