ዓይን ነው ወይስ ሽንኩርት?

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ አበው። ተረቱን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሽምግልና፣ ለገበያ፣ ለትዳርም ጭምር። እኛ የሳይንስ ክፍል ሠልጣኞች በዘንድሮው የማስተማር ልምምድ ወቅት ተረቱን ቃል በቃል ልንወስደው ግድ ሆነብን። ማየት አንድ ሥራ፣ መፍረድ ሌላ ሥራ መሆኑን ያሳየን መጽሐፍ ሳይሆን፣ በተመደብንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያገኘነው ቻርት ነው።

ቻርቱ የዓይንን የውስጥ ክፍሎች ያሳያል። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በቀለም የተሣለ፣ ብዙ የተደከመበት፣ የሚያምር ሥራ ነው። ከመካከላችን ተረኛው አስተማሪ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ፈጠን ብሎ «ሽንኩርት ነው፣ ጋሼ! ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ሌሎቹ ለምን እንደሚስቁም የገባው አይመስልም።

ማታ መኝታ ቤት ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ልጁ ቀልደኛ ነው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «እስቲ ቻርቱን እንደ አዲስ ሰው እዩት» አልን። ክብ ነው፤ አንዱ ልባስ በሌላው ላይ ተደርቧል፤ በአንድ በኩል ሥር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል (የዓይን ነርቭ መሆኑ ነው)። ሽፋሽፍት የለው፣ ቅንድብ የለው! ልጁ በየቀኑ የሚያየው ዓይን የእናቱና የጓደኞቹ ዓይን ነው፤ እሱም ከፊት ለፊት። ዓይንን ለሁለት ሰንጥቆ ከጎን ያየ ሰው ማን አለ? ሠዓሊው ቢላዋውን በሐሳቡ ይዞ ቈርጦታል፤ ቢላዋው ግን ቻርቱ ላይ አልተሣለም። «ተቈርጦ እንደሆነ ቍጠሩት» የሚለው ስምምነት በመጽሐፍ ሰዎች መካከል ያለ ስምምነት ነው፤ ልጁ ገና አልፈረመበትም። በማግሥቱ ከቻርቱ ጎን የአንድ ሰው ፊት በጠመኔ ሣልንና ቍርጡ በየት በኩል እንደሚያልፍ በመስመር አሳየን። ያው ልጅ «እንዴ! ከጎን ነው ለካ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽንኩርት ያነሣ የለም።

ለመሆኑ ዓይን ራሱ ምን ያህሉን ያያል? ጥንት ብዙ ሊቃውንት ዓይን ጨረር እየላከ ነገሮችን የሚዳስስ ይመስላቸው ነበር። ይህን አጥብቆ የተቃወመው በካይሮ የኖረው ኢብን አል ሀይተም ነው፤ በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ብርሃን ከነገሩ ተነሥቶ ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረዳ። በ1604 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ኬፕለር ምስሉ ሬቲና ላይ ተዘቅዝቆ እንደሚያርፍ ገለጸ። ዴካርትም በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ የበሬ ዓይን ከበስተኋላው ተልጦ ምስሉ እንዴት በግልጽ እንደሚታይ ጽፎአል። እኛ በሬ ማረድ ስላልቻልን በባዶ የወተት ቆርቆሮ ሠራነው። ታችኛውን በምስማር በሳነው፣ ላይኛውን ዘይት በተቀባ ወረቀት ሸፈነው። የባንዲራው ምሰሶ በወረቀቱ ላይ ቍልቍል ቆሞ ታየ። ተማሪዎቹ ተጋፍተው ሲያዩ ደወል እንኳ አልሰሙም።

«ታዲያ ዓለም ለምን ተገልብጣ አትታየንም?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል፤ ለእኛም መጥቶአል። መልሱ አጭር ነው። በጭንቅላታችን ውስጥ ተቀምጦ ያን ምስል የሚመለከት ሌላ ትንሽ ሰው የለም። ወደ አንጎል የሚሄደው ሥዕል ሳይሆን የነርቭ መልእክት ነው፤ አንጎል ደግሞ መልእክቱን ከእጅና ከእግር፣ ከሚነካውና ከሚረገጠው ጋር ያስማማዋል። አሜሪካዊው ስትራተን በ1890ዎቹ ምስልን የሚገለብጥ መነጽር አድርጎ ለቀናት ቈይቶ ነበር። መጀመሪያ መራመድ ቢያቅተውም ውሎ አድሮ ለመደው።

ቍጥሩን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በአንድ ዓይን ሬቲና ውስጥ ለደብዛዛ ብርሃን የሚያገለግሉ ዘንግ መሰል ሕዋሳት 120 ሚሊዮን ያህል፣ ለቀለምና ለጥራት የሚያገለግሉ ሾጣጣዎች ደግሞ 6 ሚሊዮን ያህል አሉ። ወደ አንጎል የሚሄዱት የነርቭ ክሮች ግን 1 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ መልእክቱ ገና ከዓይን ሳይወጣ ተጨምቆአል። ደግሞም አጥርተን የምናየው ክፍል በጣም ጠባብ ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ብታዩ ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። የቀረው ሁሉ ብዥ ያለ ነው። ብዥታውን የማናውቀው ዓይናችን በሴኰንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ስለሚዘልና አንጎል ቍርጥራጩን ስለሚሰፋልን ነው።

ይህን ባታምኑ እዚሁ ግድግዳው ፊት እንደ ቆማችሁ ሞክሩት። ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ በግራ መስቀል፣ በቀኝ ጥቁር ነጥብ በ8 ሴንቲ ሜትር ርቀት አድርገናል። ግራ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኝ ዓይናችሁ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትደርሱ ነጥቡ ይጠፋል። (ከኋላችሁ የሚስቅ ካለ ተራው ሲደርስ ሳቁት።) ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ የለም፤ ይህን በ1660ዎቹ ያገኘው ፈረንሳዊው ማርዮት ነው። ልብ በሉ፤ ነጥቡ ሲጠፋ ቀዳዳ አይታያችሁም። የሚታያችሁ ነጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱን እዚያ ያስቀመጠው አንጎላችሁ ነው፤ ሳታዝዙት፣ ሳይነግራችሁ።

አንጎል ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ጠርዝን ነው። ሂዩብልና ቪዝል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በድመት አንጎል ውስጥ እያንዳንዱ ሕዋስ ለአንድ ዓይነት ዝንባሌ ላለው መስመር ብቻ እንደሚነቃ አገኙ፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶአቸዋል። በጠመኔ የተሣለች ባዶ መስመር ላም ሆና የምትታየንም ለዚህ ይመስላል።

ይሁን እንጂ መስመር ማየትና ላም ማየት አንድ አይደሉም። በዚህ ረገድ ከአገራችን የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ ለመምህር ከማንኛውም በላይ ጠቃሚ ነው ብለን እናምናለን። ዴሬጎቭስኪና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በመኢኒት ሕዝብ መካከል ሥዕል አይተው ለማያውቁ ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አሳይተው ውጤቱን በ1972 አሳተሙ። ወረቀት ሲሰጣቸው ሰዎቹ ወረቀቱን ራሱን ይመረምሩ ነበር፤ ያሸቱታል፣ ድምፁን ያዳምጣሉ። አዲስ ነገር ነዋ! ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሥዕሉን በሚያውቁት ነገር፣ በሸካራ ጨርቅ ላይ አተሙት። አብዛኞቹ እንስሳውን ለዩት፤ ግን አንዳንዶቹ ወዲያውኑ አልነበረም። መጀመሪያ ጅራቱን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ ከዚያ ቀንዱን እያሉ፣ ቈይ እስቲ እያሉ፣ አካሉን ገጣጥመው በመጨረሻ ስሙን ጠሩ። እነዚህ ሰዎች በጫካ ውስጥ እውነተኛውን አውሬ ከእኛ ቀድመው እንደሚያዩት ጥርጥር የለውም። የዓይን ጉድለት አልነበረም። ሥዕል ማንበብ ግን ልክ እንደ ፊደል ልምድ ይጠይቃል። «ወረቀቱን ትታችሁ በወረቀቱ ላይ ያለውን እዩ» የሚለውን ያልተናገርነው ትእዛዝ መጀመሪያ መማር አለብን።

የእኛው የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ያው ነው። በጥንቱ አሣሣል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ትልቅ ሆኖ የተሣለው ቅርብ ያለው ሳይሆን ክቡር የሆነው ነው። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ሳይነግሩት ያውቀዋል። የውጭ አገር ሰው ቢያየው ግን «ይኼኛው ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» ሊል ይችላል። ሰዓሊው አልተሳሳተም፣ እንግዳውም ደንቆሮ አይደለም።

አሁን ወደ ኋላ ወንበር እንሂድ፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን እዚያ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ናት። የክፍሉ መዝገብ ስለ እርሷ የሚለው ጥሩ አልነበረም፤ ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጣለች፣ ትምህርት አትከታተልም ይላል። እኛ ደብተሯን ሰብስበን ስናርም አንድ ነገር አስተዋልን። «ቡና»ን «ቡና» ብላ ጽፋለች፤ «ቤት»ም «ቤት» ነው። «ሬቲና» ግን «ሪቲና» ሆኖአል፤ «ኮርኒያ»ም ሌላ ነገር። የምታውቀውን ቃል አትስትም። የምትስተው አዲሱን ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም የፊደሉን እናት አትስትም፤ የምትስተው ቅጥያውን፣ ያችን ትንሿን ቀለበት ወይም ጭረት ነው።

ፊደላችንን አስቡት። ቡ፣ ቢ፣ ቤ የሚለያዩት በጎን በተቀጠለች አንዲት ነገር ነው። ጤነኛ ዓይን ከ8 ሜትር ርቀት ላይ አንድን ፊደል ለመለየት ፊደሉ ቢያንስ ከ1 ሴንቲ ሜትር በለጥ ያለ ቁመት ሊኖረው ይገባል፤ እሱም በጭንቅ ነው። ቅጥያዋ ግን የፊደሉ ቍራሽ ናት። ከኋላ ያለ ልጅ «ቢና» እና «ቡና»ን ላይለይ ይችላል፤ ግን «ቢና» የሚባል ነገር ስለሌለ አንጎሉ አርሞ ያነብለታል። የዛሬ ትምህርት አዲስ ቃል ሲሆን አንጎል የሚያርምበት ነገር የለውም። ይህች ልጅ የምታውቀውን በልቧ እያነበበች፣ የማታውቀውን ከጎረቤት ደብተር እየፈለገች ስንት ዓመት አለፋት!

ለዓይን ምርመራ ያገለግል ዘንድ አፉ በአራት አቅጣጫ የሚዞር ምልክት በካርቶን ላይ ሠራን፤ ትልቁ 8.7 ሴንቲ ሜትር፣ ትንሹ ከዚያ አንድ አሥረኛ። በ6 ሜትር ርቀት አቁመን አፉ ወደየት እንደሆነ በእጇ እንድታሳየን ጠየቅናት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆመች። «ከዚያ በታች ያለውስ?» ስንላት «ከዚያ በታችም አለ እንዴ፣ እትዬ?» አለች።

ወላጆቿን አነጋገርን። እናቷ «ለእኔ መቼ ነገረችኝ!» ብለው አዘኑ። ልጅቱ አቀርቅራ «ሁሉም ሰው እንደዚህ የሚያይ ይመስለኝ ነበር» አለች። ከመካከላችን የሚመልስላት ጠፋ። እውነቷን ነው፤ የሌላ ሰው ዓይን ተውሶ ያየ ማን አለ?

ሐኪም እስኪያያት ድረስ የእኛ ምርመራ ፍርድ አይደለም። ሆኖም ቅርብ ዕይታ ብቻ መሆኑ በጣም ያስኬዳል፤ መጽሐፍ ደህና ታነባለች። በእንዲህ ያለ ዓይን የብሌኑ ኳስ ትንሽ ረዘም ስለሚል የሩቅ ነገር ምስል ሬቲናው ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ያርፋል፤ የሚረዳውም ስርጉድ ሌንስ ያለው መነጽር ነው። አንድ ሰው «ካሮት ትብላ» ብሎ ነበር። ካሮት ለቫይታሚን ኤ እጥረት፣ ለዳፍንት ይጠቅማል እንጂ የዓይንን ርዝመት አያሳጥርም። አባቷ «ሴት ልጅ መነጽር አድርጋ ማን ያገባታል?» ብለው ትንሽ አንገራገሩ። በኋላ ግን «እህሉ ይግባና ሆስፒታል እወስዳታለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። እስከዚያው ከፊት ተቀምጣለች። እሷን ወደ ፊት ያመጣናት ግን ሌላ ተማሪ ወደ ኋላ ልከን ነው፤ ይህም ያሳስበናል። ክፍሉ 70 ተማሪ አለው፣ የፊት ወንበር ግን ጥቂት ነው።

የሚያስቸኩል ሌላ ነገርም አለ። ሂዩብልና ቪዝል የግልገል ድመትን አንድ ዓይን ለጊዜው ከድነው ቢያዩ፣ ከተከፈተም በኋላ አንጎሉ በዚያ ዓይን መጠቀሙን ትቶ ተገኘ። በሰውም አንድ ዓይኑ ደካማ የሆነ ሕፃን ቶሎ ካልተረዳ፣ አንጎሉ ያን ዓይን ችላ ማለትን ይለምዳል። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ስምንት ዓመታት ዋነኞቹ ናቸው ይባላል። ይህ ማለት ጉዳዩ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህር ጉዳይ ነው ማለት ነው፤ ልጆቹ 7ኛ ክፍል ሲደርሱ ለአንዳንዱ ጊዜው ያለፈ ይሆናል። እዚያ ደረጃ የምትመደቡ ጓደኞቻችን ሁለቱን ዓይን ለየብቻ፣ አንዱን በእጅ መዳፍ እየሸፈናችሁ ሞክሩ። ሁለቱም ከተከፈቱ ጤናማው ዓይን የደካማውን ይሸፍንለታል።

ካርቶኑ በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል በር ላይ ተሰቅሎአል። 6 ሜትሩን በኮሪደሩ ወለል ላይ በጠመኔ አስምረናል፤ የሚያጠፋብን ካለ እንደ ገና እናሰምራለን። ለልምምድ የምትወጡ ምድቦች መዋስ ትችላላችሁ። ያሉን ሁለት ብቻ ስለሆኑ ተራ ያዙ፤ ካርቶንና ጥቁር ቀለም ካላችሁም ልኩን እንሰጣችኋለን።

＋　　　　　　　　　　●