የዱቤ ደብተር

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ሱቅ ሲፈርስ በሩና ቆርቆሮው ገዢ አያጣም፤ ወረቀቱ ግን ይቃጠላል። ይሄ ያንገበግበኛል።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ እዚህ ቤተሰብ መሥርቶ ነግዷል፤ ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ጭኗል። የህንዶቹ የመሐመድአሊ ኩባንያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአገር እስኪባረር ድረስ ከትልልቆቹ ነጋዴዎች አንዱ ነበር።

የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ያለው በሂሳብ መዝገባቸው ነው። አንድ አሮጌ የዱቤ ደብተር አይቻለሁ፦ ስኳር፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፤ በተከፈለው ላይ ሰረዝ፤ ፊርማ በሌለበት ቦታ የአውራ ጣት አሻራ። ከዋሂል ማሽላውን በአህያ ጭኖ የወረደ ገበሬ ስሙ በጽሑፍ የሰፈረበት ብቸኛው ቦታ እንዲህ ያለ ገጽ ሊሆን ይችላል። በርግጥ የተጻፈው ዕዳው ነው፤ የነጋዴው ሚዛን ስለመዛባቱ ደብተሩ ምንም አይልም። ቢሆንም ከዚያ የተሻለ ምስክር ከየት እናመጣለን?

ወረቀት ግን መዳን ይችላል፦ ሐረር ላይ አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ የለቀሟቸው በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ዛሬ ሙዚየም ሆነዋል። እዚህ ድሬዳዋ ከዚራና መጋላ ያላችሁ፣ የአያቶቻችሁን የደብተር ካርቶን ከመጣላችሁ በፊት እባካችሁ ገጾቹን በስልካችሁ እንኳ ፎቶ አንሱ።