ደረጃ ሁለት

የፓቶሎጂውን ውጤት የተቀበልን ቀን ወደ ቤት መግባት አቃተን። ከካዛንቺስ ታክሲ ይዘን መስቀል አደባባይ ወረድንና ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ እኛ ሦስት ልጆችና እማዬ። የተላጨውን ጭንቅላቷን በነጠላ ሸፍናለች። ከፊታችን ወጣቶች ከዳር እስከ ዳር ይሮጣሉ። ታናሻችን ወረቀቱ ላይ "ግሬድ 2" የሚለውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ዕጢው ተሰራጭቷል ማለት መስሎት ነበር።

ወገኖች፣ ይህ ስሕተት ብዙ ቤት ይገባል። በአማርኛ "ደረጃ" የምንለው ሁለት ነገር ነውና። አንዱ በሽታው በሰውነት ውስጥ የት ድረስ እንደሄደ ይናገራል። በጭንቅላት ዕጢ ላይ የሚጻፈው ግን ሌላው ነው፤ በቀዶ ሕክምና የወጣው ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ምን እንደሚመስሉና በምን ፍጥነት እንደሚባዙ ነው። ከ1 እስከ 4 ይቆጠራል። የእማዬ ዕጢ ሜኒንጂዮማ ይባላል፤ አንጎልን ከሸፈነው ገለፈት የሚነሣ ነው። ከአሥር ሰው ስምንት ያህሉ ላይ ደረጃው 1 ነው። የእሷ 2 ሆነ፤ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከ1 ይበልጣል።

ሐኪሙ "ሁሉንም አውጥተነዋል" ብሎናል። የከበደን ቀጥሎ ያለው ነበር። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ለደረጃ 2 ሜኒንጂዮማ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ሐኪሞችም አንድ ሐሳብ የላቸውም። ኤምአርአይ እያነሱ መከታተል ይበቃል የሚል አለ፤ ጨረር ይጨመር የሚልም አለ። ጨረሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። (የሌላ ሰው ታሪክ ሰምታችሁ አትደንግጡ። ደረጃ 4 የሆነው ግሊዮብላስቶማ በጨረርና ቴሞዞሎማይድ በሚባል ኪኒን ነው የሚታከመው፤ መንገዱ ሌላ ነው።)

ከጸሎት ወዳጆቻችን አንዱ፣ "ከተጸለየላት በኋላ ጨረር መውሰድ አለማመን ነው" አለን። በፍቅር ነው ያለው። ታላቋ እህታችን ተቀበለችው፤ ታናሻችን ተቆጣ። ሁለት ሳምንት አንድ ገበታ ቀርበን ሳንነጋገር በላን። እውነቱን እንናገር፤ ሁላችንም ፈርተን ነበር። አንዳችን ፍርሃታችንን እምነት አልነው፣ ሌላችን ጥንቃቄ።

የፈታችው ራሷ እማዬ ናት። አንድ ማታ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20ን አስወጣችን። ሕዝቅያስ አለቀሰ፣ እግዚአብሔር ሰማው፣ አሥራ አምስት ዓመትም ጨመረለት።

"ከዚያ ኢሳይያስ ምን አምጡ አለ?" ብላ ጠየቀችን።

"በለስ" አልናት።

"እፈውስሃለሁ ከተባለ በኋላ ነው እኮ! እኔ በለሱን እወስዳለሁ። እናንተ መጀመሪያ ታረቁ፣ ከዚያ ጸልዩልኝ።"

ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ ዘመድ ቤት እየተጠጋ ይታከም ነበር። የእኛ ቤት ከስታዲየም ብዙም አይርቅም፤ በዚህም ጌታን እናመሰግናለን።

ነገ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። ጭንቅላቷ እንዳይንቀሳቀስ በፊቷ ልክ የተሠራ ጭምብል አላት። አያምም ትላለች፤ በልቧ መዝሙር ትጀምራለች፣ ሦስተኛው ሳያልቅ ያስነሷታል። ከሰዓት በኋላ ግን ድካሙ ይጥላታል፤ ፀጉሯም በግራ በኩል መሳሳት ጀምሯል። የነገ ተረኛ ታላቋ እህታችን ናት። ምሳ ዕቃውን ከአሁኑ አጥባ አስቀምጣለች።