ቤት በክረምት ይታይ

ደብረ ማርቆስ ላይ የሚከራይ ቤት ለመግዛት የሚዞር ሰው ካለ፣ በነሐሴ ይዙር እላለሁ። በበጋ ደላላው የሚያሳየው ግድግዳ ሁሉ ደረቅ ነው፤ ቀለሙም አዲስ ነው። የጮቄ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን የተደበቀው ይወጣል። ጭቃው ከሥሩ የት ድረስ እንደራሰ፣ የኮርኒሱ የትኛው ማዕዘን እንደወየበ፣ የጎረቤት ፍሳሽ በማን ደጅ እንደሚያልፍ በአንድ ጠዋት ይታያል።

ግቢ ስገባ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቆጣሪው ነው። አምስት ክፍል በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ የወሩ መጨረሻ የጠብ ቀን ይሆናል። አንዷ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፤ ሌላው አንድ አምፖል ብቻ አብርቶ ያጠናል፤ ሂሳቡ ግን እኩል ይካፈላል። ቀጥሎ የውሃ በርሜሎቹን አያለሁ። በፈረቃ በምትመጣ ውሃ፣ ሌሊት ተነስቶ «እትዬ፣ ውሃ መጣች!» ብሎ አከራዩን የሚቀሰቅስ ተከራይ ያለበት ግቢ ሰላም ያለው ግቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናትና፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን በርም አልፌ አልሄድም።

ተከራዩ ማን ነው? መምህሩ፣ ነርሷ፣ ለዩኒቨርሲቲው ሥራ ከሌላ አገር የመጣው ሠራተኛ አሉ። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ከጎዛምን፣ ከስናንና ከማቻከል የገጠር ቀበሌዎች ለትምህርት የሚመጡት ልጆች ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ እንጀራው፣ በሶውና ሽሮው በስንቅ ከቤት ይመጣል። ብዙ የጎጃም ገበሬ የከተማ ቤት ባለቤት የሚሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። የጤፍና የባሕር ዛፍ ገንዘብ አጠራቅሞ ቤት ይገዛል፤ አንዱ ክፍል ልጆቹ የሚማሩበት ይሆናል፤ የቀሩት ይከራዩና የደብተሩንና የሳሙናውን ወጪ ይችላሉ። በዚህ አገር ከዚህ የተሻለ የጀማሪ ባለሀብት ዕቅድ አላየሁም፤ ቤቱ ኪራይ ባያስገባ እንኳ ልጅ ያስተምራል።

ሽማግሌዎች ኪራይ ቤት ሲባል የሚያመነቱበት ምክንያት አላቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ማከራየት ተከለከለ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ጠላ ነግዳ ሁለት ክፍል ያስከተለችው እናት፣ መንደር ሙሉ ቤት ከነበራቸው መኳንንት ጋር በአንድ አዋጅ ተነካች። ያን ያየ ሰው ገንዘቡን በከብትና በእህል መያዙ አይፈረድበትም።

ዛሬ ማከራየት የተፈቀደ ነው፤ መሬቱ ግን አሁንም አይሸጥም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገዢው የሚገዛው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነውና ካርታው ሕይወቱ ነው። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማጣራት፣ ቦታው ነባር ይዞታ ይሁን ሊዝ መለየት፣ ሊዝ ከሆነም ቀሪ ክፍያ መኖሩን መጠየቅ ከቀብድ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። አንዳንድ አከራይ ይህን እንደ ሸክም ያየዋል። እኔ ግን ለአከራዩም እንደሚበጅ አምናለሁ፤ ሁለት ዓመት እንደሚቆይ ያወቀ ተከራይ በሩን እንደ ራሱ በር ይይዘዋል፤ በየጥቂት ወሩ ባዶ የሚሆን ክፍል ደግሞ ያለ ኪራይ ያረጃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዛ ወገኔ፣ ከዋጋው በፊት ግድግዳውን፣ ከግድግዳው በፊት ካርታውን እይ። ለእያንዳንዱ ክፍል ንዑስ ቆጣሪ አስገባ፤ መጸዳጃውን ቀድመህ አሠራ። ከሁሉም በላይ፣ የራስህን ልጅ አንድ ክረምት የማታሳድርበትን ክፍል ለሰው ልጅ አታከራይ።