የታወቀ ቃል፣ ያልገባ ንባብ

የ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን ሁሉ አነጋገረ። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት ብዙ ተባለ፤ ከተባለውም አብዛኛው መሠረት ነበረው። ሆኖም የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ በእንግሊዝኛ የተጻፈ እንደ መሆኑ፣ እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ስም ያልወጣለት ሌላ ፈተና፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና፣ አዝሎ እንደሚቀርብ ያነሡት ጥቂቶች ናቸው። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ከአያቱ አፍ እየሰማ ያደገ የደብረ ታቦር ልጅ ስለዚያው ንጉሥ በእንግሊዝኛ ተጠይቆ ሲሳሳት የጎደለው ታሪኩ ነው ወይስ ቃሉ? ከውጤት መግለጫው ላይ ይህን መለየት አይቻልም።

የችግሩ ሥር አዲስ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲጠና፣ ከሁለተኛ ደረጃ አንሥቶ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ስቶዳርት የተባለው አጥኚ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የትምህርት ማስተላለፊያ ከመሆን ይልቅ የትምህርት መሰናክል እየሆነ መምጣቱን ጽፎ ነበር። በ1997 ዓ.ም ገደማ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተጀመረው ትምህርትም ለዚህ ክፍተት መፍትሔ አልሆነም፤ መስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር ቃሉ ላልገባው ተማሪ ቆም ብሎ የሚጠብቅ አልነበረምና። ካትሊን ሂው ከኢትዮጵያውያንና ከውጭ ባልደረቦቿ ጋር በ1999 ዓ.ም ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረበችው ጥናት ረዘም ላለ ጊዜ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንደሚያስመዘግቡ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ግን የሚናገረው በየትኛው ቋንቋ ማስተማር እንደሚገባ ነው። ተማሪው አሁን፣ ዛሬ፣ በእጁ የያዘውን ገጽ ለመረዳት ምን ያህል ቃል እንደሚጎድለው በምን ይለካ የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቀራል።

በመስኩ የታወቁ አኃዞች አሉ። ባቲያ ላውፈር እ.ኤ.አ. በ1989 አንድን ጽሑፍ በበቂ ሁኔታ ለመረዳት አንባቢው በውስጡ ካሉት ቃላት 95 በመቶውን ማወቅ እንደሚኖርበት ሐሳብ አቀረበች፤ ሁ እና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ወለሉን ወደ 98 በመቶ ከፍ አደረጉት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በገጽ ላይ ሲታይ ግን ትንሽ አይደለም። ሦስት መቶ ቃላት ባሉት አንድ ገጽ ላይ 95 በመቶ ማለት አሥራ አምስት የማይታወቁ ቃላት፣ 98 በመቶ ማለት ስድስት የማይታወቁ ቃላት ማለት ነው። በስድስቱ ላይ ዐውዱ ይረዳል፤ አሥራ አምስቱ ግን ዐውድ የሚባለውን ነገር ራሱን ይበሉታል። ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረገው ስሌት፣ ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሺህ የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እዚያ እንዲደርስ የሚጠብቅ የለም። ቢያንስ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመውን የሁለት ሺህ ያህል መሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ይዞ የሁለተኛ ደረጃን በር ይረግጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ይህን ለማወቅ አብዛኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪ እጁን የሚዘረጋው ኔሽን አዘጋጅቶት፣ ሽሚትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ወዳሻሻሉት የቃላት ደረጃ ፈተና ነው። ስድስት ቃላት በአንድ ወገን፣ ሦስት ፍቺዎች በሌላው ወገን ይቀመጣሉ፤ ተፈታኙ ያዛምዳል። ፈተናው በብዙ አገር የተፈተሸ፣ ለእርማት የቀለለ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚመች ነው። ፍቺዎቹ ግን ራሳቸው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ቃሉን የሚያውቅ፣ ፍቺውን ግን ማንበብ ያቃተው ተማሪ ቃሉን እንደማያውቅ ይቆጠራል። የቃላት ፈተና የተባለው ነገር በከፊል የንባብ ፈተና ሆኖ ሲገኝ፣ ከንባብ ፈተና ጋር ያለው ተዛምዶ ከፍ ብሎ ቢታይ ምን ያስደንቃል? ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች በዚህ ተዛምዶ ይደሰታሉ፤ መደሰት ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱ መለኪያዎች በእርግጥ ሁለት መሆናቸውን ቢጠይቁ መልካም ነበር።

ከፔዳ ግቢ ተነሥቶ በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀውን የ380 ሜትር ድልድይ በባጃጅ የሚሻገር፣ የፈተና ወረቀት በፌስታል የያዘ አንድ አጥኚ ዓባይ ማዶ ደርሶ ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ሲቆም የሚገጥመው ሌላ ዓይነት ችግር ነው። ተማሪዎቹ ለሚያውቁት ቃል ምልክት እንዲያደርጉ፣ የማያውቁትን እንዲተዉ ይጠየቃሉ እንበል። ፖል ሚራና ባክስተን እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቁት የ«አዎ/አይደለም» ፈተና የሚሠራው እንዲህ ነው፤ አውቃለሁ ባዩን ለመያዝም በመካከሉ በቋንቋው ውስጥ የሌሉ የፈጠራ ቃላት ይሰገሰጋሉ። ወጥመዱ ብልህ ነው። ይሁንና የሚይዘው ፈጽሞ የሌለውን ቃል አውቃለሁ ያለውን ብቻ እንጂ፣ ያለውን ቃል በሌላ ትርጉሙ የሚያውቀውን አይደለም።

ምሳሌው ከዚያው ከወንዙ ዳር ይገኛል። «ባንክ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የባሕር ዳር ልጅ የለም። «ከረንት» የሚለውንም በፊዚክስ ክፍል ሰምቶታል፤ ባይሰማው እንኳ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገባው «ኮረንቲ» የተባለ ዘመዱ በየቤቱ አለ። ሁለቱም ቃላት ላይ ያለ ማመንታት ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ ዓባይ ከጣና ሲወጣ በዳርቻው አካባቢ ውኃው በኃይል እንደሚጎርፍ የሚናገር የእንግሊዝኛ ምንባብ ይሰጠዋል። በእንግሊዝኛ የወንዝ ዳርቻም «ባንክ»፣ የውኃ ጉርፈትም «ከረንት» ነውና ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን «ባንኩ አጠገብ ያለው ኮረንቲ ኃይለኛ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ቢስቁበት አይፈረድም፤ ነገር ግን ትርጉሙን ልብ ይሏል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ በራሱ የሚያስኬድ ሐሳብ ይሰጣል፤ ተማሪው አንዳችም የማያውቀው ቃል አልገጠመውም። ስለዚህም መዝገበ ቃላት አይገልጥም፣ መምህሩን አይጠይቅም። አላውቅም ከሚል ተማሪ ይልቅ እንዲህ በተሳሳተ ዕውቀት የሚያነብ ተማሪ ለመርዳት ያስቸግራል፤ በ98 በመቶው ስሌት ውስጥም እንደ አዋቂ ተቆጥሮ ያልፋል።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ጣናን ስለወረረው ስለ እምቦጭ የተጻፈ ምንባብ ለሐይቁ ዳር ልጆች ቢሰጥና እምቦጩ ዓሣ አጥማጁን በምን እንደሚጎዳ ቢጠየቁ፣ ምንባቡን ሳያዩ የሚመልሱ አይታጡም፤ አባቶቻቸው ውኃው ውስጥ ቆመው በእጃቸው ሲነቅሉት አይተዋልና። የተለካው ምንድን ነው? በአንጻሩ ስለ በረዶ መንሸራተት የሚያወራ ምንባብ ከውጭ መጽሐፍ ተቀድቶ ሲሰጥ፣ ተማሪው የሚጠየቀው ስለ ቃላቱም ስለ በረዶውም በአንድ ጊዜ ነው። አካባቢያዊ ምንባብ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው በየጉባኤው የሚሰማ ምክር ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ለዚህ ርካሽ መፈተሻ አለው። ጥያቄዎቹን ያለ ምንባቡ ለአንድ ክፍል ሰጥቶ፣ ባለ አራት ምርጫ ከሆኑ ውጤቱ በግምት ከሚገኘው ከ25 በመቶ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት ነው። ከአንድ ክፍለ ጊዜና ከጥቂት ብር የፎቶ ኮፒ ወጪ በላይ አያስወጣም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ሲደረግ አይታይም።

ንባብና መረዳት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ የውጭ መጽሐፍ የግድ አልነበረም። በጎጃምና በጣና ገዳማት ዙሪያ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ የግዕዙን ንባብ በቁም ንባብ ሳይሰናከል ያነበንባል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ገና አልተማረም፣ መማርም አይጠበቅበትም። የቃላቱን ትርጉም የሚያገኘው ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ሲያወርድ ነው፤ የመጻሕፍቱን ምሥጢር የሚያገኘው ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በትርጓሜ ቤት ነው። ሥርዓቱ የጊዜውን ርዝመት ሳይፈራ እርከኖቹን ለይቷል። በተለይ በቅኔ ቤት ግሱን ማወቅ የሚፈተነው ከአራት ምርጫ አንዱን በመክበብ አይደለም፤ ተማሪው ግሱን በአማርኛ ይፈታዋል፣ ያረባዋል፣ በመጨረሻም በራሱ ቅኔ ውስጥ ያስገባዋል። የዘመኑ የቃላት ጥናት ለይቶ ማወቅ፣ ማስታወስ፣ መጠቀም እያለ የሚዘረዝራቸው ደረጃዎች እዚያ ሥራ ላይ ናቸው። በአንጻሩ በብዙ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንዱ ተማሪ ቆሞ አንቀጹን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ካልተሰናከለ «ጎበዝ» ይባላል፣ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ይታለፋል።

ከቅኔ ቤቱ ሊወረስ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ፍቺውን በሚያውቁት ቋንቋ ማስመለስ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሰጥ፤ ተማሪው ፍቺውን በአማርኛ ይጻፍ። የምንባቡ ጥያቄዎችም በአማርኛ ይቅረቡ፤ መልሱም በአማርኛ ይሁን። ይህ የእንግሊዝኛን ፈተና ከእንግሊዝኛ ያርቀዋል የሚሉ አሉ። ምንባቡ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ክርክሩ አያሳምንም፤ እንዲያውም ጥያቄውን ባለመረዳት የሚመጣውን ስሕተት ምንባቡን ባለመረዳት ከሚመጣው ይለየዋል። ኔሽንና ቤግላር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት የቃላት መጠን ፈተናም ፍቺው በተፈታኞቹ ቋንቋ የተጻፈባቸው ቅጂዎች በተለያዩ አገሮች ተዘጋጅተውለታል። ይልቅስ ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ባሕር ዳር የሚማር ሁሉ አፉን የፈታው በአማርኛ አይደለም፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ባለው በአንዱ እርከን በአዊኛ ተምሮ የመጣ ልጅ በአማርኛ ሲጠየቅ ሌላ ፈተና ይደረብበታል። ለእርሱ የአዊኛ ቅጂ ሊዘጋጅለት ይገባል፤ ይህ ካልሆነም ውጤቱ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ አማካይ ሊወጣለት አይገባም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች ደግሞ በየትኛውም ናሙና ውስጥ የሉም።

በአማርኛ የተጻፈ መልስ ማረም አድካሚ ነው። ምርጫን ማረም ለአንድ ሰው የአንድ ማታ ሥራ ሲሆን፣ ይህኛው ሁለት አራሚና የጋራ የእርማት መመሪያ ይጠይቃል፤ መመሪያው ተጽፎ ካለቀም በኋላ አራሚዎቹ ይለያያሉ። «ከረንት» በሚለው ቃል ትይዩ «ኮረንቲ» ተብሎ ተጽፎ ሲገኝ አንዱ አራሚ ምንባቡ ስለ ወንዝ ነውና ዜሮ ይላል፤ ሌላው ቃሉ ለብቻው ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ትክክል ይሆን ነበርና ግማሽ ነጥብ ይገባዋል ይላል። ሁለቱም ነጥቦች በየራሳቸው ዓምድ ይመዘገባሉ፤ በዓምዶቹ መካከል ያለው ርቀትም ለብቻው ይቆጠራል።