ዝም አልኩ እንጂ «እሺ» አላልኩም!

ለመሆኑ ዝምታ ምን ማለት ነው ትላላችሁ? «ዝም አይነቅዝም» የሚል አለ፤ «ዝምታ ለበግም አልበጃት» የሚልም አለ። እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት ከሥራዬ ነው። ኮሶዬ ተወልጄ ዛሬ ጎንደር ከተማ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እጽፋለሁ።

ጊት የሚባል ፕሮግራም አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፋይል እንደለወጠ ይመዘግባል፤ ስንሳሳት ወደ ኋላ ይመልሰናል። ታዲያ ይህ ብልህ ፕሮግራም አንድ ክፉ አመል ነበረው። «አጥፋ» ተብሎ ታዞ የፋይሉ ስም ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ባዶውን «ሁሉንም» ብሎ ይተረጉመው ነበር! ትዕዛዙ ውስጥ አንዲት ፊደል ተሳስታ ስሙ ባዶ ሆኖ ቢቀር... ሙልጭ! የተመዘገበው ይመለሳል፤ «በግድ አጥፋ» ተብሎ ከሆነ ግን ያልተመዘገበው የዕለቱ ሥራ ውኃ በላው።

ሠሪዎቹ አመሉን ድንገት አልቆረጡትም፤ የለመደው ብዙ ነበራ! እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 2.11 ማስጠንቀቅ ጀመሩ፤ በ2018 በወጣው 2.16 ከለከሉ። አሁን ባዶ ብትሰጡት «ሁሉንም ማለታችሁ ከሆነ ነጥብ ጻፉ» ይላችኋል። ለምትመዘግቡት ለውጥ ማስታወሻ ካልጻፋችሁም አልመዘግብም ይላል። ባዶውን ሆን ብላችሁ ከፈለጋችሁ ግን በግልጽ እዘዙት፣ ይፈቅዳል።

ኮሶዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ጉም ሲሞላ ሜዳ ይመስላል፤ የአገሩ ልጅ ግን አይረግጠውም። ባዶም እንዲሁ ነው። «አዎ» አይደለም፣ «ሁሉም»ም አይደለም። መልስ ገና አልመጣም ማለት ነው።

አምና ለእኔ ሽማግሌ ተላከ። ታላቅ እህቴ አንገቷን ደፍታ ዝም ስላለች «ፈቀደች» ተብላ ነው የተዳረችው። እኔም ስጠየቅ ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሱ ግን «አባዬ፣ ዝም ያልኩት ላስብበት ብዬ ነው፤ እሺ አላልኩም» አልኩ። ቤቱ ጭጭ አለ። አባዬ ፊታቸው ጠቆረ። ቆይተው ግን «እንግዲያው ሌላ ቀን ትጠየቅ» አሉ። ሌላ ቀን ተጠየቅሁ፤ «አይሆንም» አልኩ፣ አበቃ!

ስለዚህ ወንድሜ፣ የወደድካት ልጅ ዝም ስትልህ በራስህ አትተርጉመው፤ ደግመህ ጠይቃት። አንቺም እህቴ፣ እሺም ይሁን እምቢ ነጥቧን ራስሽ ጻፊ።